ማለዳ የሚንኳኳ በር

ከመናኸሪያው ጀርባ የመኪና ባሌስትራ የሚያቃና አንድ ባለሙያ አለ። ድሮ የእንጨት ከሰል ነበር የሚያነደው፤ አሁን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ የድንጋይ ከሰል ጀምሯል። ያን ሰሞን ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ጭሱ ከሌሊቱ ዝናብ ርጥበት ጋር ተደባልቆ መጣና እግሬን ያዘኝ። ጎምዘዝ የሚል፣ ጉሮሮ ሥር ገብቶ የሚቀመጥ ሽታ ነው። ባጃጆቹ ክላክስ እያደረጉብኝ መንገድ መሀል ቆምሁ። እዚሁ ፍኖተ ሰላም ላይ ቆሜ በወጣትነቴ የተማርሁባትን፣ በድንጋይ ከሰል የምትሞቀውን የጀርመኗን ላይፕዚግን አሸተትሁ፤ ጥቀርሻ የለበሱ ግንቦቿን፣ ጭጋጉን፣ በብርዱ ውስጥ ሐዲዱን እያፋጨ የሚመጣውን ትራም። ያን ከተማ ካየሁት ብዙ ዘመኔ ነው። አሁን የምትኖርበት ልጄ ሃይማኖት ናት፤ እሷም እንደ እኔ ልትማር ሄዳ ነው። ሽታው ደስ ሊያሰኘኝ በተገባው ነበር፤ ግን አላሰኘኝም። በዚያው ሰሞን ሃይማኖትን ያሳደገቻት ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ ቡሬ ላይ ሞታ ቀብረናታል። ልጄ ግን አልሰማችም። እንዳትሰማ ያደረግነውም እኛው ነን።

ጥሩወርቅን እኔም ልጄም «እታለም» ነበር የምንላት። እኔና ባለቤቴ ይታይሽ በአስተማሪነት ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው፣ ዛሬ ሊበን ነገ ደምበጫ ስንዛወር፣ ሃይማኖት ትምህርቷ እንዳይበላሽባት ብለን ቡሬ እታለም ዘንድ ተውናት። እናትና አባት በዓል ሲሆን የምንመጣ እንግዶች ሆንን። እታለም በርበሬ ነጋዴ ነበረች፤ የቡሬን በርበሬ አፍንጫዋን ከጆንያው አፍ ላይ አስጠግታ የየት ቀበሌ እንደሆነ ትናገራለች ይሉ ነበር፤ እውነቱን እንጃ፣ እኔ ፊት ሁለት ጊዜ ተሳስታለች። ልጅቱ ወደ ጀርመን ስትሄድ የሻንጣዋን ግማሽ በርበሬና ሽሮ ሞላችው። መጽሐፍሽን የት ልታደርጊ ነው ስላት፣ መጽሐፍ እዚያም አይጠፋም አለችኝ። በኋላ ሃይማኖት እንደነገረችን፣ የመጀመሪያውን ወጥ ስታቁላላ አብረዋት ቤት የተከራዩት ሁለት ጀርመኖች እያስነጠሳቸው መስኮቱን ሁሉ በርግደው ከፈቱ። እታለም ይህን ስትሰማ ለገበያው ሁሉ አወራችው።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት በአጭር ሕመም ስትሞት ለልጅቱ መንገር ነበረብን። ነገር ግን ሃይማኖት ፈተና ነበረባት። ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃለች። እዚያ አገር ደግሞ ሦስተኛውን የወደቀ ከዚያ ትምህርት ይሰናበታል፤ ይቅርታ የለ፣ ምልጃ የለ። ትምህርቱ ከቀረ የመኖሪያ ፈቃዱም ይቀራል። ከቀብር መልስ እታለም ቤት ድንኳኑ ሥር ተሰብስበን ተማከርን። የንስሐ አባታችን ሰውን በባዕድ አገር ብቻውን ማስለቀስ ጽድቅ አይደለም፣ ፈተናዋን ትጨርስ አሉ። ዘመዱም ይህንኑ አለ። ይታይሽ ዓይኗ እንዳበጠ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንተ ደግሞ አፍህን ጠብቅ» አለችኝ። አፌን የማልጠብቅ ሰው ሆኜ አይደለም። ድሮም ፈሪ ነኝ፤ የፈሪ ሰው አፍ በራሱ ጊዜ ነው የሚያመልጠው። እሺ አልሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ፣ ልክ እንዳልሆነ እያወቅሁ እሺ አልሁ።

ሃይማኖት የምትደውለው እሑድ እሑድ ነው፤ ኔትወርኩ የፈቀደ እንደሆነ። የመጀመሪያው እሑድ የኛን ደኅንነት ጠየቀችና «እታለምስ?» አለች። «ግሽ ዓባይ ጸበል ወርዳለች» አልኋት፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም ገረመኝ። ይታይሽ ከጎኔ ሆና ጥሩ ነው በሚል ራሷን ነቀነቀች። ግሽ ዓባይ ያለ ሰው ስልኩ ባይሠራ ማንም አይደነቅም፤ ጸበልተኛ ደግሞ መቼ እንደሚመለስ አይጠየቅም። በየሳምንቱ ያንኑ ውሸት ትንሽ እየጨመርንለት ሄድን። ጉልበቷን ተሽሏታል አልን። ሱባኤ ይዛለች አልን። የአገር ቤት ሰው አግኝታ ሰላም በሉልኝ ብላለች አልን፤ ይቺኛዋን የጨመርኋት እኔ ነኝ፣ ይታይሽ እግሬን ረግጣኛለች። ልጅቱ ከመደወሏ በፊት ይታይሽ፣ በስልክ የምታያት ይመስል፣ ያዘቀዘቀችውን ነጠላ አስተካክላ፣ ጥቁሩን ሻሽ ከራሷ ላይ አውርዳ፣ ፊቷን ታጥባ ነበር የምትቀመጠው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ቢኖር ጓሮ ወንበር ይወጣለታል። ከስልኩ በኋላ ሁለታችንም እህል አይበላልንም ነበር።

እኔን የበለጠ የጨነቀኝ፣ ይህ ነገር ከወዲያኛው ጫፍ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ነው።

በእኛ ጊዜ ወደ ጀርመን መሄድ እንደ ዛሬው አልነበረም፤ የተላከ ይሄዳል እንጂ የፈለገ አይሄድም። ከመሄዳችን በፊት አዲስ አበባ ላይ ለሁላችንም ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ግራጫ ሙሉ ልብስ ተሰፋልን። ላይፕዚግ ባቡር ጣቢያ ስንወርድ አንድ ሽማግሌ የሙዚቃ ጓድ መስለነው መሣሪያችሁ የታለ ብሎ ጠየቀን። ጣቢያው ራሱ ጉድ ነው፤ ከጣሪያው ሥር አንድ ቀበሌ ይሰፍርበታል። ትንሿ ዳቦ በነሱ ሳንቲም አምስት ፌኒግ ነበረች፤ ጠዋት ገና ትኩስ ሳለች በወረቀት ከረጢት ሸጉጠን ደረታችን ላይ አድርገናት እንሄዳለን፣ ለመብላትም ለመሞቅም። ትራም ሃያ ፌኒግ። ከትራሙ መጨረሻ ጥግ ላይ ቋሊማ የምትጠብስ አንዲት ደልዳላ ሴት ነበረች። በጾም ወራት እኔና የደምበጫው ልጅ አያሌው ቋሊማውን ትተን ዳቦና ሰናፍጭ ብቻ እንጠይቃታለን። ገንዘብ ያጣን እየመሰላት ዓይኗ እንባ እያቀረረ ቋሊማውን በነጻ ልታጎርሰን ትታገላለች፤ እኛ ደግሞ ጾም የሚባለውን ነገር በዚያች በተሰባበረች ጀርመንኛችን ማስረዳት አቅቶን እንሸሻታለን። ሃይማኖትን ያን ጥግ ሄደሽ እይልኝ ብያት ነበር። አሁን የስልክ መሸጫ ሆኗል አለችኝ። ጎዳናዎቹም ብዙዎቹ ስማቸው ተለውጧል፤ እኔ የምላትን እሷ በካርታዋ አታገኘውም። ትራሙ ብቻ ያው ነው፣ ዋጋው ሲቀር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከመኝታ ቤታችን ምድር ቤት ጭፈራ ነበር። የጠረጴዛ ጨርቅ የሚመስል ሸሚዝ፣ እግሩ የሰፋ ሱሪ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ። ሙዚቃው የነሱ ነው፤ የኛ ደግሞ አንዲት ካሴት ነበረችን፣ የመሰንቆ ዘፈን ያለባት፣ ከእጅ እጅ ስትዞር ድምፅዋ ሳስቶ የትንኝ ሆነ። አያሌው ጀርመኖቹን እስክስታ አስተማራቸው። ትከሻ የሚባል ነገር ያልተፈጠረባቸው ሰዎች ነበሩ፤ ቢሆንም ሲያዩት ሳቃቸው አያልቅም። ከሁላችንም የሚወደድ እሱ ነበር። ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጥርሱ ሁልጊዜ የሚታይ። እኔ ጥግ ይዤ አይ ነበር፤ ስጨፍር ሰው የሚያየኝ ስለሚመስለኝ።

በዚያ ሁሉ ጨዋታ ውስጥ ግን ሁላችንም የምንፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ማለዳ የሚንኳኳ በር። አገር ቤት ሰው ሲሞት ወሬው ለሟች ልጅ አይደርስም። ለታላላቆቹ ነው የሚደርስ። ታላላቆቹ ይማከራሉ፣ ቀን ይመርጣሉ፣ ከዚያም ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ሄደው በሩን ያንኳኳሉ። ለምን ማለዳ እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ አባቶቻችን እንዲያ አድርገዋል፣ እኛም እንዲያ አደረግን። ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ፣ ቀኑ በሌላ ነገር ሳይነካካ ይነገረው ነው ነገሩ። በጀርመን አገር ቢሆንም መርዶ መርዶ ነው። ታላቃችን ጋሼ ደምስ ነበር፤ ከአገር ቤት ሚስትና ልጆች ትቶ የመጣ፣ በዕድሜም በጠባይም ጎልማሳ ሰው። ስለዚህ ጋሼ ደምስ ከሰዓት በኋላ ቤትህ ቢመጣ ሻይ ነው፤ ማለዳ ከመጣ ግን አንዱ ዘመድህ የለም። እኔ በበኩሌ ማለዳ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይፈርስ ነበር። እናቴ ቡሬ አጠገብ በገጠር ነው የምትኖር፤ ሕመምተኛ ናት፤ ከዘመድ የሚመጣው መልእክት ሁሉ «እናትህ ደኅና ናት» ብቻ ነው። በሽተኛን ሰው እንዲህ ደኅና ደኅና ሲሉት ምን ይባላል?

ኅዳር ነው ወይስ ታኅሣሥ፣ ብቻ በረዶው ወድቆ ነበር። ገና ሳይነጋ ነቃሁና መስኮቱን ባየው፣ በታች የመንገዱ መብራት ሥር ያገሬ ሰዎች በረዶው ላይ ቆመዋል። ሁሉም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ማንም ከማንም አያወራም። ጋሼ ደምስ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ነገሩ፣ የሕንፃው በር ጠባቂ፣ ሹራብ ከእጇ የማይለያት ሴት፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት እንግዳ አይገባም ብላ በሩን ዘግታባቸው ነው። እኔ ግን ያየሁት በረዶ ላይ የቆመ መርዶ ነው። አንዱ ቀና ብሎ ወደ ፎቁ አየ። እኔን ያየ መሰለኝ፤ አለቀ፣ እናቴ ሞታለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም፤ ጮኼ ወለሉ ላይ ወደቅሁ፣ ደረቴን መታሁ፣ እናቴን በስሟ እየጠራሁ ሙሾ አወረድሁ። ከጎን ያሉት ጀርመኖች በፒጃማቸው ወጥተው ሐኪም እንጥራ አንጥራ ይባባላሉ።

ከበላዬ ካለው ፎቅ በባዶ እግሩ እየሮጠ የመጣው አያሌው ነው። ሳይጠይቀኝ ገባው፤ እሱም የኛው ሰው ነዋ። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ራሴን እቅፉ ውስጥ አስገባ። የራሱን ሹራብ አውልቆ አለበሰኝ። አይዞህ፣ እናት ለማንም አልቀረችም፣ አይዞህ ወንድሜ ይለኛል፤ አብሮኝም ያለቅሳል። በኋላ በሩ ተከፍቶላቸው እነ ጋሼ ደምስ ደረጃውን ወጥተው ሲመጡ እንዲሁ እንደተቃቀፍን አገኙን። በራፉ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። አያሌው ቀና ብሎ አያቸውና ተቆጣ።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ያዙት እንጂ!»

ማንም አልተነቃነቀም። ጋሼ ደምስ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያሸ ወደ እኛ መጣና ቀስ ብሎ ተንበረከከ።

«አያሌው፣ ወንድሜ፣ አንተ ተቀመጥ» አለው።

አያሌው ተቀምጦ ነበር። ከእቅፉ ሳልወጣ እጁ ላዬ ላይ ሲከብድ ተሰማኝ። የመጡት ለእሱ ነበር። የሞተችው የእሱ እናት ናት። እኔን ሲያባብለኝ የነበረው ባለመርዶው ራሱ ነው። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ቅጽበት መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ እናቴ አለች የሚል። ከዚያ በኋላ ግን ያን ሹራብ ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። ላወልቀው አልችልም፣ ለብሼው ልቀመጥ አልችልም። አያሌው መቼ ነው የሞተች ብሎ ጠየቀ። ክረምቱ እንደወጣ ነው አሉት፤ ፈተናህን እስክትጨርስ ብለን ነው አሉት። አያሌው ሁሉንም በየተራ አያቸው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ስጨፍር አብራችሁኝ ነበራችሁ» አለ።

ለቅሶውን ተቀመጥን፣ ጀርመኖቹም አበባ ይዘው መጡ፣ ቋሊማ ጠባሿም ሰምታ ዳቦ በሰናፍጭ ላከች። አያሌው ትምህርቱን ጨረሰ፣ አገሩም ገባ፤ በኋላ ግን ከእኛ ጋር ሲገናኝ ሰላምታው ከአንገት በላይ ነበር። እናቴማ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖራ፣ እኔም ተመልሼ፣ መርቃኝ ነው የሞተች። እኔም ከሰው ሞት እንዳልደብቅ ለራሴ ቃል ገባሁ። ይኸው ቃሌ።

ታዲያ የከሰሉ ጭስ ያስታወሰኝ ይህን ሁሉ ነው፤ ዳቦውን ሳልገዛ ነው የተመለስሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ጠፋ። በእኛ ጊዜ ወሬ በሰው እግር ነበር የሚመጣ፤ አሁን በልጅቱ ኪስ ውስጥ ነው የሚያድር። አንዱ የእህታችን ልጅ የእታለምን ፎቶ ሻማ አብርቶበት ነፍስ ይማር ብሎ በስልኩ ለጥፎት ኖሮ፣ ደውዬ አስነሣሁት። ቢሆንስ ስንቱን ላስነሣ ነው? ትራም ውስጥ ቆማ፣ አንድ እጇ ብረቱን ይዞ፣ በሌላው ስልኳን ስትከፍት ብታየውስ? ማን ይይዛታል? ጀርመኖቹ ደግ ናቸው፤ ግን ሰው ሲያለቅስ ብቻውን መተው ማክበር ይመስላቸዋል። ከተማው መሀል ወድቃ በአክብሮት ሲያልፏት ታየኝ። ድምፅዋም ቀጥኖብኛል። ይታይሽን ይህን ስነግራት ፈተና ነው አለችኝ፤ የፈተና ድምፅ እንደሆነማ እኔም አስተማሪ ነኝ፣ አውቃለሁ።

የእታለም ተስካር ሲቃረብ የሃይማኖት ፈተናም ደረሰ። በሐሙስ ዕለት ተፈተነች፤ ደኅና ነው መሰለኝ አለችን። በዚያው ቀን ከዘመድ ዘመድ አጠያይቄ፣ እዚያው ላይፕዚግ የሚማር ዮሴፍ የሚባል የቡሬ ልጅ ስልክ አገኘሁ። ዲያቆን ነው፤ ሃይማኖትን በቤተ ክርስቲያን ያውቃታል። ነገሩን አስረድቼ፣ ሰው ሰብስቦ ቅዳሜ ማለዳ ሄዶ እንዲነግራት ለመንሁት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ደስ ብሎት እሺ አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን አመነታ።

«ጋሼ፣ እዚህኮ ሰው ቤት ሳይናገሩ አይኬድም። አስቀድመን መልእክት ብንልክላት አይሻልም? አለዚያ ትደነግጣለች።»

«መደንገጥማ ትደንግጥ እንጂ ልጄ» አልሁት። «ለሌላ ምን ይኬዳል?»

ገብቶኛል አለ። ሁለት ልጆች ከሌላ ከተማ በመጀመሪያው ባቡር እንደሚመጡለትም ነገረኝ።

ቅዳሜ እኔና ይታይሽ ገና ሳይነጋ ተነሥተን ስልኩን መሀላችን አድርገን ተቀመጥን። እዚያ ከዚህ ዘግይቶ ነው የሚነጋ፤ እኛ ዘንድ ፀሐይ ወጥታ፣ ጎረቤቱ ከብቱን አሰማርቶ፣ ባጃጁ ሁሉ ሥራ ጀምሮ፣ ስልኩ ዝም። አሁን ደረጃውን እየወጡ ነው፣ አሁን አንኳኩ እያልሁ በሆዴ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ይታይሽ ዳዊቷን ትደግማለች፤ መስመር እየዘለለች እንደሆነ ይሰማኛል። በመጨረሻ ጮኸ። የሃይማኖት ቁጥር ነው። ለቅሶ ጠብቄ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

«አባዬ፣ እንግዶቹ ደርሰዋል» አለች፤ ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው። «ሻይ አፍልቼላቸዋለሁ። ዮሴፍ እንዴት እንደሚጀምር ጨንቆት ጫማውን ያያል። ብርድ ላይ ቆመው ነበርና አሳዘኑኝ። እኔው ነገርኋቸው።»

«ምኑን?»

«እታለም እንደሞተች።»

ይታይሽ ሰምታለች፤ መጽሐፉን አጠፈች። እኔ ማን ነገረሽ ስል ድምፄ ራሱ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«አንቱ ነዎታ። ያን የመጀመሪያውን እሑድ እታለምስ ብዬ ስጠይቅዎ፣ ሳይቆዩ መለሱልኝ። አንቱ ከመቼ ወዲህ ነው ለሰው ጥያቄ ቶሎ የሚመልሱት?»

ይህን ሁሉ ሳምንት ከአያሌው ዕጣ ላድናት ስል፣ ልጄ ያን ሁሉ ሳምንት ብቻዋን ለቅሶ ተቀምጣ ኖሯል። ብቻዋን አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ለፈተና ሄዳለች። ተናደድሁም፤ በእሷ ይሁን በራሴ እንጃ። «እያወቅሽ ታዲያ» አልኋት፣ «እያወቅሽ በየሳምንቱ እታለምስ እያልሽ ለምን ጠየቅሽን? ለምን አስዋሸሽን?»

ከጀርባዋ የሻይ ብርጭቆ ሲቀመጥ ይሰማል።

«እዚህ እታለም ብዬ የምጠራላት ሰው የለኝማ፣ አባዬ» አለች። «እናንተ ዘንድ ደግሞ፣ እሑድ እሑድ ደኅና ነበረች።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ከወዲያ ልጆቹ አይዞሽ ሲሏት፣ ከወዲህ ይታይሽ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ደረቷ ላይ ይዛ፣ እታለምን በስሟ እየጠራች ለልጇ ሙሾውን አወረደችላት።